የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና ተሳፋሪው

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ ከተማይቱ ስትሰፋ መጓጓዣዋ ከኋላ ከኋላዋ ሲከተላት ኖሯል። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ መዲናይቱ ሲደርስ፣ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ተመርቆ ሲከፈት፣ ሐዲዱ የባሕሩን ዳርቻ ከመናገሻይቱ ጋር አገናኘ እንጂ የመናገሻይቱን ሰፈሮች እርስ በርሳቸው አላገናኘም። ከባቡር የወረደው መንገደኛ ከለገሃር ወደየሰፈሩ የሚያዘግመው በእግሩ ወይም በበቅሎ፣ አለዚያም በጋሪ ነበር። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ አንበሳ አውቶቡስ መጣ፤ ቀጥሎም ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡባቸው «ውይይት» የተባሉት ታክሲዎች፣ ከእነርሱም በኋላ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ሚኒባሶች ተከታተሉ። የሕዝቡ ቁጥር ግን ከሁሉም ቀድሞ ይገኝ ነበር።

በከተማይቱ ውስጥ ሐዲድ የመዘርጋቱ አሳብ ከንግግር ወደ ሥራ የተሸጋገረው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ነው። ለግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተመደበ፤ ከዚህም ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ሥራውን የያዘው የቻይና የባቡር ሥራ ተቋራጭ በ2004 ዓ.ም. ቁፋሮውን ሲጀምር የከተማይቱ ዋና ዋና ጎዳናዎች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው የነዋሪው የዕለት እንጀራ ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቆመበት ተነሥቶ በአደራ ተቀመጠ፤ ከሥሩ ዋሻው ተቆፍሮ የሐዲዱ መንገድ ከተበጀ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመለሰ። ሐውልቱ በተነሣበት ዕለት ዕንባውን ያፈሰሰ ሰው ጥቂት አልነበረም። ይህንን ሁሉ ሕዝቡ በትዕግሥት የተሸከመው ባቡሩን ተስፋ አድርጎ እንደ ነበር አይካድም።

ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የሰሜን ደቡብ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን በዚያው ዓመት ተከተለ። የመጀመሪያው 16.9፣ ሁለተኛው 17.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ሲኖራቸው፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ላይ በጋራ ይጓዛሉ። ስለዚህ ጠቅላላው አውታር 31.6 ኪሎ ሜትር፣ ፌርማታዎቹም 39 ናቸው። በጋራው ክፍል ላይ አንድ ባቡር ከተበላሸ ሁለቱም መስመሮች አብረው ይታመማሉ፤ ይህ ከጅምሩ ከንድፉ ጋር የተወለደ ባሕርይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉዳይ ያለውም የሌለውም ተሳፈረ። ቤተሰቡን ይዞ ከአያት ስታዲየም ደርሶ፣ ከተማይቱን ከድልድዩ ላይ ቁልቁል አይቶ የተመለሰ ብዙ ነው። ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበርና በታክሲ ሁለትና ሦስት ጊዜ ወርዶ መሳፈር ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ አብነት እየተባለ የሚቆጠረው የሰሜኑ መስመር የመርካቶን ገበያተኛ ከነጓዙ ተቀበለ። ከክፍለ ሀገር የመጣው እንግዳ፣ የሣሪስና የቃሊቲ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ፉርጎ ውስጥ ተጣበው ቆሙ። የፌርማታዎቹ ስም ራሱ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል፤ አትክልት ተራ የሚባለው ገበያ በ2012 ዓ.ም. ከስፍራው ተነሥቶ ሲሄድ ስሙ ግን ለባቡሩ ተረፈ።

ተሳፋሪው ስለ ባቡሩ ያለውን ስሜት ለመረዳት የሚፈልግ ባለሙያ ከፉርጎው ይልቅ ከመንገዱ ማዶ መጀመር ይገባዋል። ሐዲዱ አብዛኛውን ርቀት የተዘረጋው በጎዳናው መካከል በአጥር ተከልሎ ነው። ይህም ባቡሩን ከመኪና መጨናነቅ አድኖታል፤ ሰፈርን ግን ከሰፈር ለይቷል። ትናንት በሦስት ደቂቃ ተሻግራ ከጎረቤቷ ቡና የምትጠጣ እናት መሻገሪያ ፍለጋ ሩቅ መጓዝ ግድ ሆነባት። ባለ ሱቁ ከማዶ ይመጡ የነበሩ ደንበኞቹን አጣ። ወጣቱ አጥሩን ዘለለ፤ ይህንንም ጥፋት ብቻ አድርጎ ማየት ለነዳፊው ብዙ ትምህርት አይሰጥም፤ እግረኛ የሚዘልበት ቦታ መሻገሪያ የጎደለበትን ቦታ ያመለክታልና። በጋራው ክፍል ሐዲዱ በዓምድ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ደግሞ አሳንሰሩ በማይሠራበት ቀን አዛውንቱ፣ ነፍሰ ጡሯና በክራንች የሚሄደው ሰው ደረጃውን መቁጠር አለባቸው። የባቡሩ ወለል አብዛኛው ዝቅ ተደርጎ የተሠራው በቀላሉ ለመሳፈር እንዲያመች ነበር፤ ነገር ግን ዝቅ ያለው ወለል የሚገኘው ከደረጃው በላይ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ጥበቃው ነው። ለሁለቱ መስመሮች የመጡት ባቡሮች 41 ነበሩ። አንድ ባቡር ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል ብለን እናስላ። በአንድ መስመር ላይ 20 ባቡሮች ሲሠሩ ተሳፋሪው በየ6 ደቂቃው ባቡር ያገኛል። ባቡሮቹ 10 ሲሆኑ ጥበቃው 12 ደቂቃ፣ 5 ሲቀሩ 24 ደቂቃ ይሆናል። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። በ24 ደቂቃ ውስጥ የተጠራቀመው ሕዝብ በአንዱ ባቡር ላይ ሲረባረብ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ባቡሩ በየፌርማታው ይዘገያል፤ ከአቅሙ በላይ የተሸከመው ጎማና ፍሬንም ቶሎ ያልቃል። እንዲህ እያለ የባቡር ማነስ ሌላ የባቡር ማነስን ይወልዳል።

የሆነውም ይኸው ነው። ባቡሮቹ ባረጁ ቁጥር መለዋወጫ ያስፈልጋቸው ነበር፤ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ገቢው ግን በብር፣ ያውም በ2፣ በ4 እና በ6 ብር የሚሰበሰብ ነበር። ባቡሩ ሥራ በጀመረበት ወቅት አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ከ100 ብር አለፈ። ድሃው እንዲሳፈርበት ታስቦ ዝቅ የተደረገው ዋጋ፣ ያንኑ ድሃ በፌርማታ ላይ የሚያቆም ምክንያት ሆነ። ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሥራ ውጪ የቆሙባቸው ዓመታት መጡ፤ በአያትና በቃሊቲ የጥገና ግቢዎች ያሉ ባለሙያዎችም ከቆመው ባቡር አካል ፈትተው የሚሄደውን ለማቆየት ተገደዱ። የኤሌክትሪክ መቋረጡና አጥር ጥሶ ሐዲድ ላይ የሚወጣው መኪና በዚህ ላይ ተጨማሪ ሆኑ። ጠዋት ከአያት ተነሥቶ ለመድረስ የሚቸኩለው ሠራተኛ ባቡሩን ትቶ ወደ ታክሲ ሰልፍ የተመለሰው ባቡሩን ጠልቶ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ስለ ተሳነው ነው። ሰዓቱ የታወቀ የ15 ደቂቃ ጥበቃ ሰዓቱ ካልታወቀ የ10 ደቂቃ ጥበቃ ይሻላል፤ ይህን በየአገሩ የትራንስፖርት ሰዎች የሚያውቁት ነው።

በዚህ መካከል የማስፋፊያው ነገር፣ ማለትም «ሁለተኛው ምዕራፍ» እየተባለ ሲነገር የቆየው፣ ከወረቀት አልወረደም። ባቡሩ ዐሥር ዓመት ሲሞላው በሐዲዱ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልተጨመረበትም። ከተማይቱ ግን አልጠበቀችም። በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ነዋሪዎች ገቡ፤ ሁሉም ከሐዲዱ ጫፍ ባሻገር ናቸው። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤናና ዓለም ባንክ የሚሄደው ሰው ከባቡሩ ወርዶ እንደገና ለታክሲ ይሰለፋል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም ፉሪ ለቡ ላይ ቆሞ የከተማውን ባቡር አያገኘውም። ዘጠና ዓመት ያህል ቀድሞ የተሠራው ለገሃር ከከተማይቱ እምብርት ላይ እንደ ነበር ሲታሰብ ይህ መገረምን ያሳድራል።

ሌላ ምሳሌ ካስፈለገ ከዚሁ ከአፍሪካ ምድር ካዛብላንካ አለች። የሞሮኮይቱ ከተማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 የከፈተችው የመጀመሪያ የትራም መስመር 31 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከአዲስ አበባው ጋር እኩል ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለተኛውን፣ በ2024 ደግሞ ሦስተኛውንና አራተኛውን መስመሮች ጨመረች። የሞሮኮ የገንዘብ አቅም ከኢትዮጵያ የተለየ ስለ ሆነ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ቢሆንም እዚያ ማስፋፊያው የመጣው ሲሠራ በነበረ መስመር ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ይህ ነጥብ በአዲስ አበባ ጉዳይ ላይ በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። ለአንደኛው መስመር በሁለቱም ጫፍ አምስት አምስት ኪሎ ሜትር ቢጨመርለት 17 የነበረው ርዝመት 27 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ዙርም ከሦስት ሰዓት ያልፋል። በመስመሩ ላይ የሚሠሩት 10 ባቡሮች እንደ ነበሩ ከቀሩ፣ የ12 ደቂቃው ጥበቃ ወደ 19 ደቂቃ ይረዝማል። ያን ጊዜ አዲሱ ሐዲድ የአለም ባንኩን ነዋሪ ያሳፍረው ይሆናል፤ ኮካ ኮላ ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ግን ሰባት ደቂቃ ተጨማሪ ይቆማል፤ ባቡሩም ሲደርስለት ከጫፉ ሞልቶ የመጣ ነው። የሁለተኛው ምዕራፍ ወጪ ሲሰላ የመለዋወጫው ግምጃ ቤት፣ የጥገና ባለሙያው ሥልጠናና የተጨማሪ ባቡሮች ዋጋ ከሐዲዱ ዋጋ ጎን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍ ያለበት ስለዚህ ነው፤ የቆሙትን ባቡሮች መልሶ ማስነሣቱም በዚያ ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን መስመር ይይዛል።