የጤና መረጃ በነርስ አገልግሎት (ምሥራቅ ጎጃም)

የነርሲንግ ኢንፎርማቲክስ ነርሶች ስለ ታካሚ የሚመዘግቡትን መረጃ አደራጅቶና ተንትኖ መልሶ ለታካሚው እንክብካቤ የሚያውል የሙያ ዘርፍ ነው። መሠረቱ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት (1853–1856 እ.ኤ.አ.) ከቁስል ይልቅ ተላላፊ በሽታ ብዙ ወታደር እንደጨረሰ በቁጥርና በሥዕል አሳይታ የሆስፒታል ንጽሕና እንዲሻሻል ታግላለች።

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ማርቆስ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉ ጤና ጣቢያዎች ከአቅም በላይ የሆነ ሕመምተኛ ወደ ከተማዋ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለታል። መንገዱ አስቸጋሪ በመሆኑ ውሳኔው በጊዜ መሰጠት አለበት፤ በዚህ ረገድ በወረቀት ላይ ያለ መረጃም ሕይወት ያድናል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ፓርቶግራፍ የተባለው የምጥ መከታተያ ቅጽ ነው። አዋላጅ ነርሷ የፅንሱን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የማኅፀን በር አከፋፈትን በየ4 ሰዓቱ እየለካች በቅጹ ላይ ነጥብ ታኖራለች። የማኅፀን በር በሰዓት ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ካልተከፈተ ነጥቦቹ የማስጠንቀቂያውን መስመር ያልፋሉ። እርምጃ መወሰድ እንዳለበት የሚያመለክተው የእርምጃው መስመር ከዚያ በ4 ሰዓት ይርቃል። በ1972 እ.ኤ.አ. ሁለቱን መስመሮች ያስተዋወቁት በዛሬዋ ዚምባብዌ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው፤ ክፍተቱንም የተዉት ከገጠር ክሊኒክ ያለች ወላድ ሆስፒታል የምትደርስበት ጊዜ እንዲኖር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው አዲስ ቅጽ መስመሮቹን ቢያስቀርም ክትትሉን አጥብቆ ይጠይቃል።

በጤና ኬላ ደረጃ፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ማኅደር አለው። የነፍሰ ጡሮችና የሕፃናት ካርዶች ደግሞ በወር በተከፋፈለ ሣጥን ይቀመጣሉ። ወሩ አልቆ ካርዱ እዚያው ከቀረ እናትየዋ ቀጠሮዋን አሳልፋለችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቷ ድረስ ትሄዳለች። ፔንታ የተባለው የሕፃናት ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ ለምሳሌ አንደኛውን 50 ሕፃናት ወስደው ሦስተኛውን 40 ብቻ ከወሰዱ 10 ሕፃናት አቋርጠዋል ማለት ነው። ስማቸው በመዝገቡ ስላለ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።

ኢትዮጵያ የጤና መረጃ ሥርዓቷን በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አሻሽላ በ2008 ዓ.ም. «የመረጃ አብዮት» የተባለውን ዕቅድ ጀመረች። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። ጤና ተቋማት የሚልኩት ወርኃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ይቆጠራል። ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት 12 ያህል ቁጥሮች በዕጣ ተመርጠው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ። በአማራ ክልል ባለሙያዎችን በማሠልጠንና በመደገፍ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሠርቷል።

ትልቁ ችግር መረጃው ወደ ላይኛው አካል ብቻ መፍሰሱ ነው። ነርሷ አንዱን ታካሚ በበርካታ መዝገቦች ትጽፋለች፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ዋርዷ አይመለስም። ስለዚህ በየወሩ የሚሰበሰበው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን ነርሶችንና አዋላጆችን ጨምሮ ቁጥሩን ከመዝገቡ ፊት ለፊት ቢመረምር ይበጃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ኔትወርክ የማይፈልገው የወረቀት መዝገብ ለብዙ ጤና ጣቢያዎች ዋና መተማመኛ ሆኖ ቆይቷል።