ከጋፋት እስከ ጉና፦ የመልእክት መንገድ በደቡብ ጎንደር ደጋ

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዘመን ከየጁ ራሶች ጀምሮ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ድረስ የገዥዎች መቀመጫ ሆና ብታገለግልም፣ ከእርሷ የሚወጣው ትእዛዝ ከሰው እግርና ከበቅሎ ኮቴ የሚቀድም አልነበረም። አዋጅ በነጋሪት ይነገራል፤ ደብዳቤ ማኅተም አርፎበት በመልእክተኛ ይላካል፤ ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ ግን መልእክተኛው ውኃው እስኪጎድል ከማዶ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1879 እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎርደን በግብፅ ገዥ በኬዲቭ ስም ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ለመደራደር ደብረ ታቦር ድረስ በአካል የመጣውም በዚሁ የበቅሎ መንገድ ነበር።

ርቀትን በኤሌክትሪክ የማሸነፍ ጥበብ ወደ አካባቢው ታሪክ የገባው በጠላት እጅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1867 ከከተማዋ አጠገብ በምትገኘው ጋፋት በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩትን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በእርሳቸው ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ከዙላ ወደብ ወደ ደጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ይዘረጉ ነበር።

ቴሌግራፍ የሚሠራው ኮረንቲን በመክፈትና በመዝጋት ነው። ላኪው ቁልፉን ሲጫን ከባትሪ የሚነሣው ኮረንቲ በሽቦው አልፎ በተቀባዩ ዘንድ ያለውን ኤሌክትሮማግኔት፣ ማለትም ኮረንቲ ሲያገኝ ብቻ ብረት የሚስበውን የሽቦ ጥቅል፣ ያንቀሳቅሳል። ሽቦ ሁሉ ለኮረንቲ ተቃውሞ ስላለው፣ ተቃውሞውም ሽቦው በረዘመ መጠን ስለሚጨምር፣ ምልክቱ በመንገድ ላይ ይዳከማል፤ ሆኖም የደከመው ኮረንቲ የሌላ ባትሪን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማግኔት ለማንቀሳቀስ ከበቃ፣ መልእክቱ እንደገና በሙሉ ኃይል ጉዞውን ይቀጥላል። ይህ መሣሪያ ሪሌይ ይባላል።

ስልክ ግን እንዲህ ባለ ዘዴ አይታደስም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 በጣሊያን መሐንዲሶች የተዘረጋው የአሥመራና የአዲስ አበባ መስመር በተሠሩበት ጊዜ፣ የሰውን ድምፅ በሽቦ ላይ በሚገባ የሚያጎላ መሣሪያ ገና አልተስፋፋም ነበር። በስልኩ መናገሪያ ውስጥ ያለው የከሰል ብናኝ በድምፅ ግፊት ሲታመቅ ኮረንቲው ይጨምራል፣ ሲላላም ይቀንሳል፤ ቁም ነገሩ ያለው በዚህ የማያቋርጥ መጨመርና መቀነስ ውስጥ በመሆኑ፣ መክፈትና መዝጋት ብቻ የሚያውቀው ሪሌይ ንግግሩን ያጠፋዋል። ስለዚህም ርቀቱ ሲበዛ የነበረው መፍትሔ በመካከል ጣቢያ የተቀመጠው ስልከኛ የሰማውን ለሚቀጥለው ጣቢያ በራሱ አንደበት መድገሙ ነበር።

በኢትዮጵያ የገጠር ከተሞች ለረጅም ዘመን ያገለገለው ባለ እጀታ ስልክ የስልክን አሠራር በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሳያል። እጀታው ሲዞር ማግኔቶ የሚባለው ትንሽ ጄኔሬተር ከ50 ቮልት በላይ አመንጭቶ በሩቅ ያለውን ደወል ይመታል፤ ንግግሩን ግን የሚሸከመው እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት ከሆኑ ደረቅ ባትሪዎች የሚመጣው ዝቅተኛ ኮረንቲ ነው። የሁለቱ ምንጭ መለያየት ምክንያት አለው፤ ደወል ጉልበት ይፈልጋል፣ ድምፅ ደግሞ ራሱ የሚለዋውጠው፣ በራሱ ግን የማይዋዥቅ የኮረንቲ ምንጭ።

እ.ኤ.አ. በ1906 ሊ ዲ ፎረስት የፈለሰፈው ባለ ሦስት ክፍል የኤሌክትሮን ቱቦ፣ ኋላም በ1947 የተሠራው ትራንዚስተር፣ ደካማው ምልክት ትልቁን ኮረንቲ እንዲመራ በማድረግ የድምፁን መልክ ሳይለውጡ ማጉላት አስቻሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1951 ከዓለም ባንክ ለቴሌኮሙኒኬሽን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተበድራ በ1952 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ስታቋቁም፣ ድምፅን በቱቦ የማጉላት ጥበብ በዓለም ላይ የተለመደ ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተስፋፋው ማይክሮዌቭ፣ ማለትም በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ የሚርገበገብ የሬዲዮ ሞገድ፣ የተራራን ትርጉም ለወጠው። ይህ ሞገድ እንደ ብርሃን በቀጥታ ስለሚጓዝ ላኪና ተቀባይ እንዲተያዩ ግድ ነው። ለሽቦ ዘርጊ ምሰሶ የሚተከልበት ገደልና ዳገት የነበረው መሬት፣ ለአንቴና ተካይ ከፍታ ሆኖ ተገኘ። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ጫፍ ከጣና ሐይቅ ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ሌላ ተራራ ካልከለለው በስተቀር ከዚያ የሚነሣ ሞገድ በጣና ወለል ከፍታ ላይ ወዳለ ቦታ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዱ ንግግር የራሱ የ4 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ተሰጥቶት ከሌሎቹ ጎን ሲደረደር፣ በአንድ ሞገድ ላይ ብዙ መቶ ሰዎች ሳይደባለቁ ይነጋገራሉ።

ይሁንና ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በበቅሎ ዘመን የመንገድ፣ በሽቦ ዘመን የምሰሶና የተቃውሞ ጥያቄ የነበረው፣ በሞገድ ዘመን ተራራ ላይ ላለው ማጉያ ያልተቋረጠ መብራት የማቅረብ ጥያቄ ሆነ፤ ባትሪውንና ነዳጁን ወደ ጫፉ የሚያደርሰውም መልሶ መንገድ ነው። በመሆኑም የዚህ ደጋ የመልእክት ታሪክ ከመንገዱና ከመብራቱ ታሪክ ተነጥሎ ሊጻፍ አይችልም።