ሊፈርስ ያልቻለው ጉቶ

ከእንግሊዟ ፕሊመዝ ወደብ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ባሕር መሃል፣ ኤዲስቶን የሚባል ዐለት አለ። ባሕሩ ሞላ ሲል አብዛኛው ይሸፈናል። ብዙ መርከበኛ መኖሩን ያወቀው ከተላተመ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመብራት ማማ ያቆመበት ሄንሪ ዊንስታንሊ ይባላል። ዐለቱ መርከቦቹን ሰብሮበት ነበርና ነገሩ የግል ጸብም ነው። እ.ኤ.አ. በ1698 መብራቱ በራ። ሰውየው በሥራው ከመተማመኑ የተነሣ፣ ከባዱ ማዕበል ሲመጣ ማማው ውስጥ ልገኝ ይል ነበር ይባላል። በኖቬምበር 1703 መጣለት። ሲነጋ ማማውም እሱም የሉም።

ሁለተኛው ከእንጨት ተሠርቶ ወደ ሃምሳ ዓመት ቆየ፤ በ1755 ግን ባሕር መሃል በእሳት ነደደ። የ94 ዓመት አዛውንት ነበሩ የተባሉት ጠባቂ ሄንሪ ሆል፣ ቀና ብለው ውኃ ሲረጩ ከጣራው የቀለጠ እርሳስ ወረደባቸው። ውጫለሁ ቢሉ ማን ይመናቸው! ከቀናት በኋላ ሲሞቱ ሐኪሙ ከሆዳቸው 200 ግራም ያህል እርሳስ አወጣ።

ሦስተኛውን የሠራው ጆን ስሚተን ነው። የኦክ ዛፍን ግንድ አሰበ፦ ከሥሩ ሰፊ፣ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ። ድንጋዮቹንም አንዱ የሌላው ጎን ውስጥ እየገባ እንዲቆላለፍ አድርጎ አስጠረበ። ማዕበል አንዱን ልንቀል ቢል ጎረቤቱ አይለቀውም።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ኖራው ነው። ተራ ኖራ ውኃ ውስጥ አይጠነክርም። ስሚተን ከየቦታው የመጣ ኖራ እያድበለበለ ውኃ ውስጥ ከተተና ጠበቀ። የሚጠነክረው ሸክላ አፈር ካለበት የኖራ ድንጋይ የተቃጠለው ሆኖ ተገኘ። እሱን ከጣልያን በመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ለወሰው። ዛሬ ሠፈራችሁ ፎቅ ላይ የሚፈሰው ሲሚንቶ እኮ የዘር ሐረጉ እዚህ ጋ ያልፋል።

በኦክቶበር 1759 ሃያ አራት ሻማ በራበት። አዎ፣ ሻማ!

ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ፣ ትልቅ ማዕበል ሲመታው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲመረመር ማማው ደህና ነው፤ የተቦረቦረው ከሥሩ ያለው ዐለት ነው። በ1882 ጄምስ ዳግላስ አጠገቡ ሌላ ዐለት ላይ 49 ሜትር የሚሆን አዲስ ማማ ጨረሰ። የስሚተን የላይኛው ክፍል ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ ፕሊመዝ ባሕር ዳርቻ ላይ እንደገና ተሠራ። የታችኛውን ለማፍረስ ግን አልተቻለም። እስከ ዛሬ ከአዲሱ ማማ ጎን፣ ማዕበሉ እየመታው፣ ጉቶው እንደቆመ ነው።