በእንፋሎት የታለመች ከተማ

ከተማ በሁለት መንገድ ይወለዳል። አንደኛው የዘመናት ሥራ ነው፤ ገበያ፣ የጸሎት ቤት፣ የገዥ ግቢ ወይም የውሃ ጉድጓድ ሰውን ይሰበስባል፤ መንገዱም የእግር ዱካን ተከትሎ እየተጣመመ ያድጋል። ሁለተኛው የወረቀት ሥራ ነው፤ መሐንዲስ በባዶ ሜዳ ላይ መስመር ያሰምራል፤ ቤቱም ነዋሪውም ከመስመሩ በኋላ ይመጣሉ። የእንፋሎት ኃይል ዓለምን ባናወጠበት በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ሁለተኛው ዓይነት ከተማ በየአህጉሩ ተበራከተ።

የዚያ ዘመን ሕልም እስከ ዛሬ አልሞተም። በልብ ወለድ፣ በመድረክና በፊልም የእንፋሎት ከተማን የሚፈጥሩ ደራስያንና ሠዓልያን ብዙ ናቸው። ጭሱን፣ ፉጨቱንና የብረት ድልድዩን አሳምረው ይስላሉ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ከተማ በምናብም ቢሆን ጸንቶ እንዲቆም ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። የሚፈላው ውሃ ከየት ይመጣል? እሳቱን የሚያነድደው ሰው የት ያድራል? ሞተሩ የቆመ ዕለት ከተማው ምን ይሆናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ድሬዳዋን ማየት ይበቃል።

አስቀድሞ ግን እ.ኤ.አ. 1894 የምትባለውን ዓመት ማስታወስ ይገባል። በዚያች ዓመት አርቱሮ ሶሪያ የተባለው እስፓኛዊ የከተማ ነዳፊ በማድሪድ ዳርቻ ሕልሙን መሬት ማስነካት ጀመረ። ሕልሙ ከተማን አንድ ረጅም ጎዳና ማድረግ ነበር፤ በመካከሉ ሐዲድ ይዘረጋል፤ ግራና ቀኙ ቤትና አትክልት ይሆናል፤ ቢቻል ከካዲዝ እስከ ሴንት ፒተርስበርግ ይደርሳል። የተሠራው ግን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በዚያችው ዓመት በቺካጎ አጠገብ፣ ጆርጅ ፑልማን የባቡር ፉርጎ ለሚሠሩ ሠራተኞቹ ባቋቋመው ከተማ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ። ባለሀብቱ ደመወዝ ሲቀንስ የቤት ኪራዩን አልቀነሰም፤ አሠሪውም አከራዩም እርሱ ነበርና ሠራተኛው ማምለጫ አጣ። ጦር ተላከ፤ ደምም ፈሰሰ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1898 የኢሊኖይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለፋብሪካ ሥራ የማያስፈልገውን የከተማውን ይዞታ እንዲሸጥ ወሰነ።

ሦስተኛው ድርጊት የተፈጸመው በአገራችን ነው። በዚያችው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሊዮን ሸፍኔ ለ99 ዓመት የሚጸና የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ውሉ መንገዱን በሦስት ክፍል ያስቀምጠዋል፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ። ይህም ከሶሪያ ጎዳና የማይተናነስ የወረቀት ሕልም ነበር። ሦስተኛው ክፍል ሕልም ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያውም ቢሆን በውሉ እንደተጻፈው አልሆነም፤ ባቡሩ ሐረር አልገባምና።

ምክንያቱ ከእንፋሎት ሞተር ጠባይ የሚመነጭ ነው። ለስላሳ የብረት ጎማ በለስላሳ የብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር በሜዳ ብዙ ጭነት ይስባል፤ ዳገት ሲገጥመው ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን ካቋረጠ በኋላ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ግርጌው ግን 1,200 ሜትር ያህል ነው። ያንን ገደል መውጣት ኩባንያው ሊሸከመው የማይችል ወጪ ጠየቀ። ስለዚህ ጥንታዊቷን ከተማ በተራራዋ ላይ ትተው በቆላው ሜዳ ሌላ ከተማ ቆረቆሩ። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ስሙ ግን አልጸናም፤ ሕዝቡ ድሬዳዋ ማለቱን ቀጠለ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኘውም በዚህ ስፍራ ነው። የእንፋሎት ባቡር እንደ ግመል ጥምን ችሎ በረሃን በአንድ ትንፋሽ አያቋርጥም፤ በየጣቢያው ይጠማል። ከተራራው የሚወርደው ውሃ በአሸዋው ሥር የሚገኝበት የድሬዳዋ ሜዳ ለሞተሩም ለሰውም ተስማሚ ሆነ።

የኩባንያው መሐንዲሶች ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ በስተምዕራብ ከዚራን ነደፉ። ጣቢያው የከተማው ራስ ሆነ፤ ከእርሱ ፊት ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎች ተዘረጉ፤ ግራና ቀኛቸውም ዛፍ ተተከለ። የጥገና ወርክሾፑ፣ መጋዘኑ፣ የሹማምንቱና የባለሙያዎቹ መኖሪያ እያንዳንዱ ስፍራ ስፍራውን ያዘ። በሌላ አነጋገር ከተማው ራሱ እንደ ሞተር ታሰበ።

ይሁን እንጂ ፕላኑ ያላሰበው ሕይወት ከወንዙ ማዶ ይበቅል ነበር። ጫኚውና አራጋፊው፣ ግመል ነጂው፣ ቸርቻሪው፣ ሻይ ሻጯ የት ይደሩ? እነዚህ በመጋላ ሰፈሩ። መጋላ በማስመሪያ የተሠራ አይደለም፤ መንገዱ እንደ ገበያተኛው ይጠማዘዛል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ህንዱ ተገበያይተውበታል። ከዚራ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ሲሆን መጋላ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚቀላቀልበት ሰፈር ሆነ። ሁለተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። መሐንዲሱ ግማሹን ከተማ ነደፈ፤ የቀረውን ሠራተኛው ራሱ ነደፈው።

ቋንቋችንም የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። «ባቡር» የምንለው ቃል በዓረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን ምንጩ የአውሮጳውያን «እንፋሎት» የሚል ቃል ነው። በእንፋሎት የሚሠራው ሁሉ ባቡር ተባለ፤ የእህል ወፍጮውም ሳይቀር። በምድር የሚሄደውን ለመለየት «ምድር ባቡር» ማለት ያስፈለገው በዚህ የተነሣ ነው። ጣቢያ የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃልም ሕዝቡ ከነመስተአምሩ ወስዶ «ለገሃር» አለው፤ ቃሉም የሰፈር ስም ሆነ። ሕዝብ የባዕድን ሞተር ሲቀበል በመጀመሪያ የራሱ የሚያደርገው በአንደበቱ ነው።

የድሬዳዋ ዕድገት ሌላም ያልታሰበ ምክንያት ነበረው። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1902 በገባው ስምምነት እጁን ሲያስገባ አፄ ምኒልክ ለነጻነታቸው ሠጉ፤ እንግሊዝና ኢጣሊያም ተቃወሙ። ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተዋውለው ሥራው እስኪቀጥል ድረስ ሐዲዱ ከድሬዳዋ አላለፈም። በእነዚያ ዓመታት ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ፣ ቡናውና ቆዳውም በዚያው ይወርድ ነበር። ለኩባንያው ኪሳራ የሆነው ለከተማዋ ሲሳይ ሆነ። ሐዲዱ አዲስ አበባን በ1909 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላም ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበርና ሦስት ቀን የሚወስደው መንገደኛ በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። የከተማዋ ሆቴል፣ ሙዚቃና የምሽት ጨዋታ ከዚህ አዳር ጋር አብሮ አደገ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ሞተር የእንፋሎቱን ቦታ ወሰደ። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈረሱ፤ መስመሩ ተቆረጠ፤ ከተማዋም የጦር ግንባር ሆነች። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ሐዲድ እየደከመ ሄዶ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርገውን ጉዞ አቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። እንግዲህ ድሬዳዋ የተወለደችበት ምክንያት ከመካከሏ ወጥቷል። ከተማዋ ግን አልሞተችም። ካልሞተችበት ምክንያት አንዱ፣ ምናልባትም ዋነኛው፣ ፕላኑ የረሳው ገበያ ነው።

ይህን ስንል የፕላንን ጥቅም ለመካድ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ መስሎ የሚታየውን ወንዝ ዳር ይዘው የሰፈሩት ሌላ ቦታ ያልተነደፈላቸው ሰዎች ነበሩ። በስዕል ላይ የሁለት ሰፈር ድንበር የነበረው መስመር በዚያች ሌሊት የሞትና የሕይወት ድንበር ሆነ። ፕላን ሰውን ሲረሳ ዋጋውን የሚከፍለው ነዳፊው ሳይሆን የተረሳው ነው።

ስለዚህ የእንፋሎት ከተማን በብሩሽ፣ በብዕር ወይም በመድረክ የሚፈጥር የጥበብ ሰው ጣቢያውንና ሞተሩን ሥሎ ሥራዬን ፈጸምሁ ሊል አይገባውም። ወንዙን ይሣል፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን መንደር ይሣል፤ የከሰል ጥላሸት ያጠቆረውን ፊት፣ ባቡሩን የሚጠብቀውን ግመልና በሦስት ቋንቋ የምትጣራዋን ሻጭ ይሣል። ባቡሩ ከሄደ በኋላ በለገሃር ደጃፍ የሚቀሩት እነርሱ ናቸውና።