የበርሊን ግንብ ባይፈርስ ኖሮ አምባሰል ምን ትሆን ነበር?

ሐይቅ ከተማ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ተቀምጠን ሳለ፣ ጨዋታው ከዝናብና ከማዳበሪያ ወደ ፖለቲካ ዞረ። በደርግ ሠራዊት ያገለገሉ አንድ አዛውንት «ምሥራቅ ጀርመን ባትፈርስ ኖሮ እኛም አንበተንም ነበር» አሉ። ለሐዘን የተቀመጠ ሰው አይከራከርምና ዝም አልኩ። የሚከተለው በዚያ ቀን ያልሰጠሁት መልስ ነው።

የአዛውንቱ አባባል እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። የጀርመን ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ለደርግ ተራ ወዳጅ አልነበረችም። መሪዋ ኤሪክ ሆኔከር በኅዳር 1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ መጥተው የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈራርመዋል። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በእርሷ እርዳታ ተሠርቷል። የደኅንነት ሠራተኞቻችንን ያሠለጠኑት የእርሷ የስለላ ሰዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልትም የእርሷ ስጦታ ነው። የሌኒን ሐውልት በ1983 ዓ.ም. ሲገረሰስ ማርክስ ግን ማንም ሳይነካው ቀረ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቡናው ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በብራዚል የወረደው ውርጭ የዓለምን የቡና ዋጋ ሰቀለው። ዶላር ያጠራት ምሥራቅ ጀርመን ለሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ማሟያ የተቀላቀለበት ቡና ብታቀርብ ሕዝቡ አጉረመረመ። (ከረከቦት ሥር ላደገ የወሎ ሰው ይህን ቁጣ ማስረዳት አያስፈልግም።) በ1969 ዓ.ም. የፓርቲው ከፍተኛ ሰው ቬርነር ላምበርዝ አዲስ አበባ መጡ፤ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ላንዣበበበት ደርግ መሣሪያና የጭነት መኪና፣ ለበርሊን ደግሞ ቡና እንዲሆን ተስማሙ።

ከሐይቅ ወደ ወልዲያ የሚያቀና መንገደኛ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ያገኛታል። በዚያ ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘና እስከ ዐድዋ አደረሰን። የቡናው ውል የትርጉም ችግር አልነበረበትም፤ ችግሩ ሁለቱ ወገኖች የሚያዩበት ዓይን ነበር። ለበርሊን የቁርስ ጠረጴዛ ጉዳይ ሲሆን ለአዲስ አበባ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ዘላቂም አልሆነም፤ ብዙ ሳይቆይ አዲስ አበባ ቡናዋን በውጭ ምንዛሪ መሸጥ መረጠች። ላምበርዝም በ1970 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቱ።

እንግዲህ «ባይፈርስ ኖሮ» ወደሚለው ልመለስ። ቀኖቹን በተራቸው እናንብባቸው። አፋቤት የተደመሰሰችው በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ነው። ሽሬ በየካቲት 1981 ዓ.ም. ወደቀችና ሠራዊቱ ትግራይን ለቅቆ ወጣ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ለጉብኝት ጉዞ እንደ ጀመሩ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ኤታማዦር ሹሙ መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ አምሐ ደስታ ሞቱ። የጉዞው መድረሻ የት ነበር? ምሥራቅ ጀርመን! የበርሊን ግንብ የተከፈተው ደግሞ ጥቅምት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። ሠራዊቱ ጦሩንም ጭንቅላቱንም ያጣው ግንቡ ገና ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ነበር።

በሐሳብ ግንቡን እናቁመው። ሆኔከር በሥልጣን ቆዩ፤ ታንክ ላኩ እንበል። ይሁንና የደርግ ዋና መሣሪያ አቅራቢ ሞስኮ እንጂ በርሊን አልነበረችም፤ የጎርባቾቭም እጅ አስቀድሞ ታጥፏል። ለቡና የሚሆን ዶላር ያጣች አገር የአንድ ግዙፍ ሠራዊት ስንቅ ከወዴት ታመጣለች? ቢበዛ ጦርነቱን በሁለትና በሦስት ዓመት ታራዝመው ነበር።

ጦርነቱ ሊራዘም የሚችለውም እኛ ደጅ ላይ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ግንባሩ ወሎ ገብቷል። በአምባሰል ተራሮች በአንዱ በኩል ኢሕዴን የወሎን ልጆች ይዞ ነበር፤ በሌላው በኩል ደርግ በአፈሳ የሰበሰባቸው የወሎ ልጆች ነበሩ። አጎቴ ከአንዱ፣ የአክስቴ ልጅ ከሌላው ወገን ነበሩ፤ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው። እናቴ ስታወራ፣ ወጣቶች አፈሳውን ሽሽት ሌሊቱን በገደል ዋሻ ያድሩ ነበር፤ ቀን ደግሞ በየተራ ኮረብታ ላይ ወጥተው የመኪና አቧራ ይጠብቃሉ። ለዚህ ሕዝብ የሚላከው ተጨማሪ ታንክ ምን ይፈይድለት ነበር?

ይህ ሕዝብ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ያለቀ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ጀርመኖች፣ ምሥራቁም ምዕራቡም፣ በአውሮፕላኖቻቸው እህል አመላልሰውለታልና ውለታቸውን አልክድም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ብዙው በውድ አልሄደም። የተረፈው ገበሬ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ፣ በሬውንም ለአምራቾች ማኅበር እንዲሰጥ ተገደደ።

ለአዛውንቱ አንድ ነገር ልቀበላቸው። ሆኔከር ከወረዱ በኋላ የተተካው የሞድሮ መንግሥት መሣሪያ መላኩን አቆመ፤ መንግሥቱም ደነገጡ። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ዐወጁ። በርሊን ባትናወጥ ያን ዐዋጅ ባላወጁትም ነበር ይሆናል። ግን ዐዋጁ ሲሰማ ምን ሆነ? ገበሬው ጥይት ሳይተኩስ፣ ሰልፍ ሳይወጣ፣ የአምራቾቹን ማኅበራት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አፈረሳቸው፤ መሬቱን ተካፈለ፣ በሬውን ፈትቶ ወደ ቤቱ ነዳ። በርሊኖች ግንባቸውን በመዶሻ ሲቆርሱ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል፤ የእኛን ገበሬ ግን ማን ቀረጸው?

የጀርመን ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ መስከረም 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ከካርታ ጠፋች። ከስምንት ወር በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1979 ዓ.ም. የተወለደችው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ተከተለቻት። ደሴና ኮምቦልቻ በግንቦት የወደቁበት ዘመቻ በወሎው ተማሪ በዋለልኝ መኮንን ስም ተሰይሞ ነበር። ሆኔከር በቺሊ ሞቱ፤ መንግሥቱ ሐራሬ ገቡ።

አዛውንቱን በሌላ ቀን ገበያ ውስጥ አገኘኋቸውና ይህን ሁሉ አጠር አድርጌ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያም «ልጄ፣ እኔ እኮ ሾፌር ነበርኩ፤ ከአሰብ ኮምቦልቻ ኢፋ ነበር የምነዳው። ጀርመን የሠራው መኪና ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዳገት ላይ ጥሎኝ አያውቅም» አሉኝ።