ከሰልፍ ሜዳ ወደ ዕለታዊ ልማድ፦ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ጉዞና የሐረር ተማሪዎች

መግቢያ

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በትምህርት ቤቶቻችን ከንባብና ከሒሳብ ጎን ቦታ ካገኘ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ከዚህ ትምህርት ምን ይዞ እንደሚወጣ እምብዛም አልተጠየቀም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምህርቱ ያለፈባቸውን ደረጃዎች በአጭሩ መመልከትና ዛሬ በከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው የአካል ብቃት ትምህርት የዕድሜ ልክ ልማድ ሊሆን የሚችልበትን መንገድ፣ ሐረርን በምሳሌነት ወስዶ፣ ማመልከት ነው።

1. የእግረኛ ከተማ

ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ሐረር ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ የተሠራች ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው የጀጎል ግንብ 48 ሄክታር ያህል ስፋት ያለውን አሮጌ ከተማ ያቅፋል። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች የሚነሡት መንገዶች ሽቅብና ቁልቁል እያሉ ወደ መካከሉ፣ ወደ ጊደር መጋላ፣ ማለት ወደ ትልቁ ገበያ፣ ያመራሉ። ከኤረር ሸለቆና ከአካባቢው መንደሮች ምርቱን ተሸክሞ ለሚመጣው ገበሬ፣ እንዲሁም ቅርጫቷን በራሷ ላይ አድርጋ ለምትመላለሰው ሴት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ከኑሮ ተለይቶ የሚታይ ነገር አልነበረም። በሌላውም የአገራችን ክፍል ገና፣ ጉግስና ትግል ከበዓልና ከአደባባይ ኑሮ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። አካልን ማሠልጠን ራሱን የቻለ ትምህርት የሆነው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመጣ በኋላ ነው።

2. የሰልፍና የውድድር ዘመን

ዘመናዊው ትምህርት በመጀመሪያ ይዞት የመጣው መልክ ሰልፍና ጂምናስቲክ ነበር። በፊሽካ መሰለፍ፣ በትእዛዝ እጅን ማንሣትና ማውረድ፣ በአንድነት መራመድ የሥርዐት አክባሪነት ምልክት ተደርገው ይታዩ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሐረር የተቋቋመውና በህንድ መኮንኖች ያስተምር የነበረው የጦር አካዳሚም ለከተማይቱ ወጣቶች የጠንካራ አካል አርአያ ሆኖ ቆይቷል።

ሁለተኛው ደረጃ የውድድር ነው። ጥር 1954 ዓ.ም. ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማራቶንን አሸነፈ። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ስዊድናዊ ነበሩ። እነዚህ ድሎች ለአገር ያስገኙት ክብር ከፍ ያለ ነው።

ነገር ግን የውድድሩ መንፈስ ወደ ክፍለ ጊዜው ሲገባ ያስከተለው ጉዳት አልቀረም። አንድ ኳስ ሃያ ሁለት ተጫዋቾችን ያሳትፋል፤ የተቀረው ክፍል ግን ዳር ቆሞ ይመለከታል። ከተመልካቾቹም መካከል አብዛኞቹ ሴት ልጆች ናቸው። መምህሩ ፈጣኑን ሲመርጥ፣ ዝግተኛው ተማሪ ይህ ትምህርት የእርሱ እንዳልሆነ ይማራል፤ ይህንንም ትምህርት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

3. የምርምር ምስክርነት

በውጭው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች ጉዳዩን በሌላ ዐይን እንድንመለከተው አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ በለንደን አውቶቡሶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚያገኛቸው አሳዩ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ራልፍ ፓፈንባርገር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ጥናት ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1950 ሃርቫርድ የገቡ 16,936 ወንድ ምሩቃንን ተከታተለ። በኮሌጅ ዘመናቸው ስመ ጥር ስፖርተኞች የነበሩት፣ እንቅስቃሴያቸውን ካቆሙ የቀድሞው ብርታታቸው ከልብ ሕመም አላዳናቸውም። በተማሪነታቸው ስፖርተኛ ያልነበሩት ግን በኋላ ኑሯቸው መንቀሳቀስን ልማድ ካደረጉ ተጠቅመዋል። እንግዲህ ዋንጫ በመደርደሪያ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጤና ግን በየሳምንቱ የሚታደስ ገንዘብ ነው።

4. የ2012ቱ ለውጥና የሐረር ሁኔታ

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቻችን እንደገና ሲጀመር፣ የአካል ብቃት ትምህርት ለሁሉም ተማሪዎች እንዲሰጥ ተደረገ። የትምህርቱ ውጤት «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ተብሎ ብቻ ይመዘገባል። ይህ አሠራር ዝግተኛውን ከውድድር ፍርሃት የሚያድን ቢሆንም፣ ተማሪው ትምህርቱን እንደ ትርፍ ነገር እንዲቆጥረው በር ሊከፍት ይችላል። የአንድ ወሰነ ትምህርት ልምምድ ደግሞ ብቻውን ልማድ አይሆንም።

በሐረርና በሐረማያ ያለው ተማሪ አያቶቹ በእግር የወጡትን ዳገት ዛሬ በባጃጅ ይወጣዋል። ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ በበርጫ የሚያሳልፈውም ለረጅም ሰዓት አይንቀሳቀስም፤ ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። ጉዳዩ በአካባቢው ባህልና ገቢ ውስጥ ሥር የሰደደ ስለሆነ በተግሣጽ ብቻ አይፈታም። በርጫው ወዳጅን ከወዳጅ የሚያገናኝ እንደ መሆኑ፣ በእርሱ ፈንታ የሚቀርበውም ነገር ወዳጅነትን የሚሰጥ መሆን አለበት።

ለዚህ የሚሆን አርአያ በዚያችው ከተማ አለ። የሐረሪዎች አፎቻ በሠርግና በኀዘን አባላቱን ለትውልዶች ሲያሰባስብ ኖሯል። ያጸናውም አባልነት የሚያስከትለው መፈላለግና ኀላፊነት ነው። አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎች የሚገኙባቸው የእርምጃ ማኅበሮች በዚህ መንፈስ ቢቋቋሙ፣ አንዱ ሲሰንፍ ሌላው ይጠራዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ይመክራል። የጀጎል ግንብ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግንቡን ተከትሎ በፈጣን እርምጃ አንድ ጊዜ መዞር ግማሽ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይህን በሳምንት አምስት ቀን የሚያደርግ ተማሪ፣ ያለ ሜዳና ያለ መሣሪያ፣ የመመሪያውን ዋነኛ ክፍል ፈጽሟል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ሦስት ነገሮች ለመምህራንና ለዐቃጆች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ምዘናው ተማሪውን ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከራሱ የቀድሞ ሁኔታ ጋር ያወዳድር፤ ለዚህም ተማሪው ራሱ የሚጽፈው የሳምንት መዝገብ በቂ ነው። ሁለተኛ፣ ሴት ተማሪዎች በሚመቻቸው ልብስ፣ ሰዓትና ቦታ የሚለማመዱበት ሁኔታ በዕቅዱ ውስጥ አስቀድሞ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ያሉ ዕጩዎች ትምህርቱን ከማስተማራቸው በፊት ልማዱን ራሳቸው ይያዙት። ዕጩ መምህር ነገ በገጠር ትምህርት ቤት በልጆች ፊት ይቆማል፤ ልጆችም ከሚነገራቸው ይልቅ የሚያዩትን ይከተላሉ። ጠዋት በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ መምህር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ደወሉ ሳይደወል አስተምሯል።