«ዛሬን ብቻ ይወርውር» ሲባል፦ የልጆች ክርን ታሪክ



አሜሪካ ያላችሁ እናቶችና አባቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ወርዋሪ ነው። ክርኑን ያመኛል ይላል፤ አሠልጣኙ ግን ያለ እሱ አናሸንፍም ይላል። ላስቁመው ወይስ እየለመደው ይሄዳል?»

አይለምደውም። ለምን እንደሆነ ግን በታሪኩ በኩል ብነግራችሁ ይሻላል። ሕጉ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ወላጅ «ዛሬን ብቻ» ሲባል በቀላሉ እሺ አይልም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ፦ አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፣ የሌላው ቡድን ተጫዋች በዱላ ለመምታት ይሞክራል። ወርዋሪው (ፒቸር የሚሉት) ጎበዝ ከሆነ ቡድኑ ያሸንፋል። ስለዚህ ጎበዝ ልጅ ሲገኝ ሁሉም የሚፈልገው የዚያኑ ልጅ ክንድ ነው።

ሊትል ሊግ የሚባለው የልጆች ቤዝቦል በ1939 በፔንሲልቫንያ፣ ዊሊያምስፖርት ከተማ ተጀመረ። በፍጥነት ተስፋፋ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሐኪሞች የልጆችን ራጅ ሲያዩ አንድ የሚደጋገም ነገር አስተዋሉ፦ በክርን ውስጠኛ በኩል አጥንቱ ከቦታው እየተሳበ ነው። በ1960 ይህን ጉዳት «የሊትል ሊግ ክርን» ብለው ሰየሙት። በ1965 ደግሞ ጆኤል አዳምስ የተባለ የካሊፎርኒያ የአጥንት ሐኪም ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆችን ክርን በራጅ መርምሮ ለውጡ በተለይ በወርዋሪዎቹ ላይ ጎልቶ እንደሚታይ አሳተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የልጅ አጥንት ጫፍ ላይ ገና የሚያድግ ለስላሳ ክፍል አለ። ኳስ ሲወረወር የክርን ውስጠኛው ጅማት በኃይል ይወጠራል። በአዋቂ ላይ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ጅማቱ ራሱ ነው። በልጅ ላይ ግን ደካማው ቦታ የአጥንቱ ማደጊያ ስለሆነ የሚሳበው እሱ ነው። «ልጅ ነው፣ ቶሎ ይድናል» የምንለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ልጅ መሆኑ ነው ችግሩ።

ከዚያ በ1974 ሌላ ታሪክ መጣና ነገሩን አደበዘዘው። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ ቶሚ ጆን በሐምሌ ወር የግራ ክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ዕድሜው 31 ነበር፤ እስከዚያ ዘመን ይህ ጉዳት የሙያው መጨረሻ ማለት ነበር። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ እጁ ጅማት ወስዶ በግራ ክርኑ ተከለለት። የ1975ን ውድድር ሙሉ በሙሉ አልተጫወተም። በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 1989፣ እስከ 46 ዓመቱ ድረስ ወረወረ። ካሸነፋቸው ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጡ ናቸው።

ድንቅ ሕክምና ነው፤ ሐኪሙን አደንቃለሁ። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው በቶሚ ጆን ስም ሲጠራ ሕዝቡ «ከበፊቱ አጠንክሮ ይመልሳል» ብሎ ማመን ጀመረ። ዛሬም ይህን የሚነግሩኝ አባቶች አሉ። ወርዋሪውን የሚመልሰው ቀዶ ሕክምናው ብቻ አይደለም፤ ከዓመት በላይ የሚፈጅ ማገገሚያም ነው። ሁሉም ደግሞ አይመለስም።

ቁጥር ወደ መቁጠር የተመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ የሊጉ ገደብ በኢኒንግ (በጨዋታው ዙር) ነበር። አንዱ ዙር ግን በስምንት ውርወራ ሊያልቅ ይችላል፣ ሌላው ሠላሳ አምስት ሊፈጅ ይችላል፤ ክንዱ የሚያውቀው ውርወራውን እንጂ ዙሩን አይደለም። ወላጆች ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ጠማማ የሚሄደውን ኳስ ነበር። በኋላ በላቦራቶሪ ሲለካ ግን በኃይል የሚወረወረው ቀጥተኛ ኳስ በክርን ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከእሱ እንደማያንስ ታየ።

አላባማ፣ በርሚንግሃም ያሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ጥናት እኔን በጣም ያሳስበኛል። ቀዶ ሕክምና የደረሰባቸውን ወጣት ወርዋሪዎች ከጤነኞቹ ጋር አነጻጸሩ። ክንዳቸው እየደከመ አዘውትረው የሚወረውሩት የመጎዳት ዕድላቸው 36 እጥፍ ነበር። በዓመት ከስምንት ወር በላይ የሚወረውሩት ደግሞ አምስት እጥፍ። በ2007 ሊትል ሊግ በዙር መቁጠሩን ትቶ ውርወራ መቁጠር ጀመረ። ከ9 እስከ 10 ዓመት ላሉት በቀን 75፣ ለ11 እና ለ12 ዓመት 85፣ ከ13 እስከ 16 ዓመት 95። ዕድሜው እስከ 14 የሆነ ልጅ በአንድ ቀን 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል።

ቁጥር ማክበር የሚከብደው ዋንጫው ሲቀርብ ነው። ጃፓንን እዩ። ኮሺየን በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ላይ በ1998 ዳይሱኬ ማትሱዛካ በአንድ ጨዋታ 250 ጊዜ ወረወረ፤ ጀግና ተባለ። በ2018 ኮሴይ ዮሺዳ በአንድ ውድድር 881 ጊዜ ወረወረ፤ ያኔ ግን ብዙ ሰው ከማጨብጨብ ይልቅ መጠየቅ ጀመረ። ከ2020 ጀምሮ እዚያም በሳምንት ከ500 ውርወራ በላይ ተከለከለ። 500 ራሱ ለእኔ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ልጃችሁ ልመለስ። ሕጉ አለ፤ ቀዳዳው ግን ሰፊ ነው። ልጁ በሳምንቱ ለትምህርት ቤቱ ይወረውራል፣ ቅዳሜና እሑድ ለሌላ ቡድን። ሁለቱም አሠልጣኞች ሕጉን አክብረዋል፤ ሁለቱን የሚደምር ሰው ግን የለም። ስለዚህ ደብተር ያዙ፣ ስልካችሁም ይበቃል፦ ቀኑን፣ ቡድኑን፣ የውርወራውን ብዛት ጻፉ። ጨዋታውን ባትረዱትም መቁጠር ትችላላችሁ። በዓመት ቢያንስ አራት ወር አይወርውር፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ወሩ ተከታታይ ይሁን። በዚያ ጊዜ እግር ኳስ ይጫወት፣ ይሩጥ። ብዙ ወርውሮ የጨረሰን ልጅ በዚያው ቀን ኳስ ተቀባይ አታድርጉት፤ ተቀባዩም ደጋግሞ ይወረውራል።

ልጆች ሕመም ይደብቃሉ፤ ከቡድኑ እንዳይወጡ ይፈራሉ። እናንተ ግን ታያላችሁ፦ ክርኑን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ሲያቅተው፣ ኳሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ሲያጣ፣ በእረፍት ጊዜ ክንዱን ሲያሻሽ። ከጨዋታ በፊት የሕመም ማስታገሻ ሰጥታችሁ አትላኩት፤ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው እንጂ ጉዳቱ አይደለም።

የክርን ውስጠኛ ሕመም ካለው ውርወራው በዚያው ቀን ይቁም፤ ሐኪም ዘንድም ውሰዱት። ራጅ ሲታዘዝ የሁለቱንም ክርን ማንሳት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፤ ትንሹ ለውጥ የሚለየው ብዙ ጊዜ ከጤነኛው ጎን ሲቀመጥ ነው። ራጁ ምንም ባያሳይም ሕመሙ እስካለ ድረስ አይወረውርም። የያዛችሁትን ደብተርም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስንት ጊዜ እንደወረወረ ነው።